ቤቱ ይቅደም፣ ጥንቸሎቹ ይደርሳሉ

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም እህቴ፣ እንዴት ነሽ? የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ከፒያሳ ብዙም ሳንርቅ፣ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ይሠራል፤ ጠዋት ወርዶ ማታ ይመለሳል። አማቴም አብረውን ናቸው።

ትልቁ ልጄ ኢብሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ከሐይቅ ወደ ደሴ ከገባን ወዲህ ዝም ብሏል። ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ በቃ። ባለፈው እሑድ ታዲያ አባቱ ኮምቦልቻ ወደሚኖር የሥራ ባልደረባው ቤት ይዞት ሄደ። ሰውዬው ጥንቸል ያረባል። ልጄ ማታ ሲመለስ አፉ ተፈታ። ስለ ጥንቸሎቹ ጆሮ፣ ስለ አበላላቸው ሲያወራ አመሸ። ሰውዬው ሁለት ግልገል ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል። «ቅዳሜ ኑና ውሰዱ» ብሎናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አማቴ ሲሰሙ «ጥሩ ነው፣ ሲደልቡ ይታረዳሉ» አሉ። ኢብሬ እራቱን ትቶ ተነሳ። አከራያችን እትዬ ደግሞ ክርስቲያን ናቸው። በጣም ደግ ሴት ናቸው፤ ያለኛ ቡና አይጠጡም። እሳቸው ግን «ጥንቸልማ ግቢዬ አይገባም» አሉኝ። ሁለቱንም ማስቀየም አልፈልግም።

እኔ ያደግኩት ከፍየልና ከዶሮ ጋር ነው። ስለ ጥንቸል አንድም ነገር አላውቅም። ምን ላይ ያድራሉ? ምን ይበላሉ? ምን ልግዛ? ወይስ ከነጭራሹ ይቅርብን ልበለው?

የኢብሬ እናት፣ ከደሴ

መልስ

እታለሜ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። አንዷ ሊያርዷቸው፣ ሌላዋ ሊያባርሯቸው፤ ጥንቸሎቹ ግን ገና ከኮምቦልቻ አልተነሱም! ኢብሬ እራቱን ትቶ ተነሳ የምትለው ጋ ስደርስ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ከቀላሉ ልጀምር። የቅዳሜውን ተዪው። ለሰውየው «ሁለት ሦስት ሳምንት ስጠን» በሉት። ኢብሬ ያኮርፍ ይሆናል፤ ቤቱን አብሯችሁ ሲሠራ ግን ይረሳዋል። ግልገሎቹ ስንት ሳምንታቸው እንደሆነም ጠይቁ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው ባይለዩ ይሻላል። ቶሎ የተለየ ግልገል ሆዱ በቀላሉ ይታወካል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ሊሞት ይችላል። ልጅሽ አሁን ባለበት ሁኔታ እንዲህ ያለ ነገር እንዲያይ አንፈልግም።

አሁን ወደ ቢላዋው ነገር እንምጣ። አማትሽ ክፉ የተናገሩ አይመስለኝም። እሳቸው ባደጉበት ቤት ግቢ ውስጥ የሚበላ እንስሳ ሁሉ ሥራ አለው፤ ዶሮዋ ትጥላለች፣ ሙክቱ ይታረዳል። በእስልምናም አብዛኞቹ ሊቃውንት ጥንቸል ሐላል ነው ስለሚሉ፣ አነጋገራቸው ለራሳቸው ምንም እንግዳ ነገር የለበትም። ልጁ ግን ሰምቷል። ስለዚህ ይህ ጉዳይ ጥንቸሎቹ ሳይመጡ ማለቅ አለበት። የሚናገረውም ባለቤትሽ ቢሆን ይሻላል። ከምራት አፍ ሲወጣ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። «እማዬ፣ እነዚህ የኢብሬ ናቸው፣ አይታረዱም» ይበላቸው፤ ኢብሬ ባለበት፣ አንዴ፣ በጨዋ ደንብ። ከዚያ እሳቸውንም የነገሩ አካል አድርጓቸው። የትኛው ሣር ለድርቆሽ እንደሚሆን፣ እንዴት እንደሚደርቅ ጠይቋቸው። የገጠር ሰው ከሆኑ ከኔም ከእንስሳት ሐኪሙም በላይ ያውቁታል።

ግን እስኪ ባልሽን ለብቻው ጠይቂው፦ እሱ ራሱ በልቡ ምን ያስባል? ኑሮ ሲከብድ «ያው ሥጋ ናቸው» የሚል ከሆነ አታምጧቸው። ይህን የምለው ስለ ጥንቸሎቹ ብዬ ብቻ አይደለም። ልጁ ስም አውጥቶለት፣ በእጁ ያበላውን እንስሳ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቢያጣው፣ ዝምታው ከአሁኑ ይብሳል ብዬ እፈራለሁ።

ወደ እትዬ ልሂድ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ጥንቸል አይበሉም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ጋር ተቆጥሯል። እዚያ የተጻፈው ሥጋውን ስለመብላትና በድኑን ስለመንካት ነው፤ ሕያው ጥንቸል ግቢ ስለማኖር አይደለም። ሆኖም ይህን አንቺ እንድትነግሪያቸው አልመክርሽም። የሰውን ሃይማኖት ለራሱ ማስተማር፣ ያውም በገዛ ግቢው፣ ደግ ነገር አያመጣም። ይልቅ ለብቻችሁ ቡና ስትጠጡ «እትዬ፣ ከምኑ ነው የከበደዎት?» በያቸው። ሃይማኖት ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት። ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ሌላ ነገር አለ። ሽታ ይሆናል። መሬት ይቆፍራሉ ብለው ይሆናል። ጎመናቸውን ይጨርሱብኛል ብለውም ይሆናል፤ በዚህስ እውነት አላቸው፣ ጥንቸል የለቀቁበት ጎመን አይተርፍም። እነዚህ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው። አጥር ትሠሪያለሽ፤ ማደሪያቸውን በየቀኑ ትጠርጊያለሽ። ከዚህ ሌላ የምታቀርቢው ነገርም አለሽ። የጥንቸል ፋንድያ እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም፤ ሳይብላላ እንደ ወጣ ጎመን ሥር ቢደረግ ይስማማዋል። ይህን ስትነግሪያቸው ፊታቸውን እይው።

አሁንም «አይሆንም» ካሉ ግን፣ እህቴ፣ ግቢው የሳቸው ነው። ደብቀሽ አታስገቢ። እንዲያ ከሆነ ኢብሬ በየሁለት ሳምንቱ ከአባቱ ጋር ኮምቦልቻ እየወረደ እዚያው ያሉትን ቢያበላ፣ ቢያጸዳ ምን ይለዋል? አንዷን «ያንተ ናት» ሊሉትም ይችላሉ። እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው።

ስለ ኢብሬ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የናፈቀው ጥንቸል ነው ወይስ የሐይቅ ጓደኞቹ? ምናልባት ሁለቱም። ጥንቸል ለዝምተኛ ልጅ ጥሩ ጓደኛ ይሆናል፤ እሱ ራሱ ዝምተኛ ነው፣ ጩኸትም አይወድም። ነገር ግን የመተቃቀፍ እንስሳ አይደለም። በተፈጥሮው የሚታደን ስለሆነ ከመሬት ሲነሳ ጭልፊት የወሰደው ነው የሚመስለው። ኢብሬ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው። ራሱ መጥቶ ያሸተዋል፣ ጉልበቱ ላይ ይወጣል። ማንሳት ግድ ሲሆን አንድ እጅ ደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ መቀመጫው ሥር ነው። በጆሮው ማንጠልጠል ፈጽሞ የለም። በኋላ እግሩ ሲፈራገጥም የገዛ ወገቡን ሊሰብር ይችላል። ከዚህ ጎን ለጎን ከክፍሉ ልጆች አንዱን «ና ጥንቸል አሳይህ» ብሎ እንዲጠራ አበረታቺው። የልጁን ዝምታ ሁሉ ጥንቸሎቹ ላይ አትጫኚው፤ ከብዷቸው ይወድቃሉ።

ሌላው ደግሞ የጥንቸሎቹ ባለቤት አንቺ መሆንሽን ከወዲሁ እመኚ። በደንብ የተያዘ ጥንቸል ከ8 እስከ 12 ዓመት ይኖራል። ኢብሬ ያኔ ትልቅ ሰው ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያበላል፣ ይጠርጋል፣ ይረሳልም። ለዒድ ሐይቅ ስትሄዱስ ማን ያበላቸዋል? አሁን አስቢበት።

በቃ፣ ሁሉም ተስማማ እንበል። ወደ ቤቱ ሥራ እንግባ፤ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው።

በእንግሊዝ አገር ያሉ የጥንቸል ተቆርቋሪዎች ለሁለት ጥንቸል 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ቦታ ይመክራሉ። በኪራይ ቤት ይህን ከየት ታመጪዋለሽ? ስለዚህ በሁለት ክፈዪው፤ የማደሪያ ሳጥንና ቀን ቀን የሚፈነጩበት የታጠረ ቦታ። በሳጥኑ ውስጥ ጥንቸሉ ሦስት ጊዜ መዝለል፣ በኋላ እግሩ ሲቆምም ጆሮው ጣሪያ ሳይነካ መቆም አለበት። የምትለኪው ግልገሉን ሳይሆን ሲያድግ የሚሆነውን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

የተጣለ ቁም ሳጥን ካለ አግድም አስተኝቶ መሥራት ይቻላል። ቺፑድ ከሆነ ግን ይቅር፤ ሽንት ሲነካው ያብጣል፣ ሲያኝኩትም ሙጫውን ይውጡታል። ቀለም የተቀባ እንጨትም እንዲሁ። ያልተቀባ ጣውላ ለአናጺ ሰጥቶ ማሠራት ይሻላል። ከመሬት ከፍ ይበል። ወለሉ ሽቦ አይሁን። ጥንቸል እንደ ውሻ የመዳፍ ትራስ ስለሌለው ሽቦ እግሩን ያቆስለዋል። እንጨት ይሁንና ላዩ ላይ የጤፍ ወይም የገብስ ጭድ ወፈር አድርገሽ አንጥፊ። ሰጋቱራ አቧራው ለሳንባቸው አይሆንም፤ የጥድ ሲሆን ደግሞ ሽታው ራሱ ይጎዳቸዋል።

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጦሳ የሚወርደውን ነፋስ አንቺ ታውቂዋለሽ። ጥንቸል ብርዱን ይችላል። የማይችለው እርጥበትና ነፋስ ሲገናኙበት ነው። ስለዚህ ነፋስ የሚመጣበት ጎንና ጀርባው ድፍን ይሁን፤ ፊቱ ብቻ በሽቦ ይከፈት። በክረምት ዝናብ እንዳይገርፈው ጣሪያው ወደ ፊት ወጣ ይበል። የበጋ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ውስጡ ይጋላል፤ ቆርቆሮው ላይ ሣር ጣል አድርጊበት ወይም ጥላ ያለበት አስቀምጪው። ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት ለጥንቸል አደጋ ነው። ለኮምቦልቻ አንባቢዎቼ ይህ ከብርዱ ይልቅ ዋናው ነገር ነው።

ሽቦው ላይ አትሰስቺ። የዶሮ ሽቦ ጥንቸሉን ከመውጣት ያግዳል እንጂ ውሻን ከመግባት አያግድም። ወፈር ያለ፣ በብየዳ የተያያዘና ቀዳዳው ጠባብ የሆነውን ጠይቂ። ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ከገባ ሌላው አይቸግረውም። በሩ በገመድ አይታሰር፤ መቀርቀሪያ ይኑረው። ማታ ማታ መቀርቀሪያውን የሚያየው ኢብሬ ሳይሆን ትልቅ ሰው ይሁን። ውጭ ማሳደሩ ካስፈራሽ ቤት ውስጥም ይሆናል። ያኔ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ሁሉ አንሺ፤ ገመድ ያዩ እንደሆነ ይቆርጡታል። የቡናው ከሰልና ዕጣን ባለበት ክፍልም አይሁን፤ ጭስ አይስማማቸውም። በወሎ ቤት ይህ ቀላል ትእዛዝ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው። ውሃው በወጭት ይሁን፤ ከበድ ያለ ስለሆነ አይገለብጡትም። ለመደበቂያ ሁለት በር የተበሳ ካርቶን ያስፈልጋል፤ አንዱ በአንዱ ሲገባ ሌላው በሌላው እንዲወጣ። አንድ ዝርግ ሳፋም ጨምሪ። ጥንቸል ብዙውን ጊዜ የሚሸናው መርጦ በያዘው ጥግ ነው። ሳፋውን እዚያው ጥግ ላይ አድርጊ፣ ጭድ ሙይበት፣ በየቀኑ ድፊው። የሽታው ነገር አለቀ ማለት ይቻላል። መጫወቻ አትግዢ፤ ኢብሬ ካርቶን ይቅደድላቸው።

ምግብ ላይ ሰው ሁሉ ካሮት ነው የሚያስበው። ካሮት ስኳር አለው፤ ቁራጭ አልፎ አልፎ ይበቃል። የጥንቸል እንጀራው ሣርና ድርቆሽ ነው፤ ቀን ከሌት ፊቱ መጥፋት የለበትም። ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፤ የሚሞርደው ይህን ሲያኝክ ነው። ጭድ ብቻውን አይበቃም፤ እሱ መኝታ ነው። ሰርዶ ይወዳሉ። ሣር በሚታጨድበት ወቅት አንድ ሁለት ሸክም ገዝተሽ ብታደርቂ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታም ብትከምሪ በጋውን ይገፉበታል። የሻገተ እንዳትሰጪ። ከመንገድ ዳርና ፀረ አረም ከተረጨ ማሳም አትጨጂ። ቅጠላ ቅጠል ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ በሶብላ፣ የድንብላል ቅጠል ጥሩ ነው። ጎመንና ቆስጣ በጥቂቱ። አዲስ ነገር ስታስለምጂ አንድ ዓይነት ብቻ፣ በትንሹ። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ አቮካዶ ከነቅጠሉ፣ ሽንኩርት፣ ጉሎ የተከለከሉ ናቸው። ጤና አዳም ለቡናችን እንጂ ለነሱ አይሆንም። ዳቦና ቆሎም ሆዳቸውን ያበላሻል። አማትሽ እማማ በፍቅር ቆሎ ዘገን አድርገው ሊሰጧቸው ይችላሉና ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ኢብሬ አንድ ቀን «እማ፣ ኩሳቸውን ይበላሉ!» ብሎ ይመጣል። አትደንግጪ። ለስላሳ የሆነውን መልሰው ይበሉታል፤ ተፈጥሯቸው ነው፣ ያስፈልጋቸዋልም።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ ያልጠየቅሽው፣ እኔ ግን በጣም የሚያሳስበኝ ነገር፦ ሁለቱ ግልገሎች ምንና ምን ናቸው? ሁለት መሆናቸው መልካም ነው፤ ጥንቸል ብቻውን ይከፋዋል። ወንድና ሴት ከሆኑ ግን ገና በአራት በአምስት ወራቸው ይጀምራሉ። እርግዝናው አንድ ወር ገደማ ነው፤ በወለደች ቀን እንኳ እንደገና ልትፀንስ ትችላለች። በዓመቱ እትዬ ግቢውን ለጥንቸሎቹ ለቀው ይወጣሉ። ሁለት ወንድ ደግሞ ሲጎረምሱ ይናከሳሉ። ሁለት እህትማማች ሴት ብትወስዱ እመርጣለሁ። በግልገልነት መለየቱ ያስቸግራል፤ የለመደ ሰውም ይሳሳታል። ስለዚህ ሦስት ወር ገደማ ሲሆናቸው እንደገና አስመርምሩ።

ልትቀበሏቸው ስትሄዱ ዓይናቸው የጠራ፣ አፍንጫቸው ደረቅ፣ መቀመጫቸው ንጹሕ መሆኑን እዩ። ፊታችሁ ሣር ይብሉ። ከለመዱት መኖ አንድ ፌስታል ለምኑት፤ ለውጡ ቀስ በቀስ እንዲሆን። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አታስገቧቸው። የተበሳሳ ካርቶን ጭድ አንጥፋችሁበት፣ በጠዋቱ ብርድ ይዛችሁ ውጡ። እንደገቡ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ ይመጣል፤ በሩን ዝጊ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ውሃና ሣር ሰጥታችሁ ተዉአቸው።

ከዚያ በፊት ግን ቅርብሽ ወዳለው የእንስሳት ክሊኒክ ሂጂና «ጥንቸል ታክማላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ስልካቸውን ያዢ። ጥንቸል ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱ ከቆመ ጊዜ አይሰጥም። ግማሽ ቀን ካልበላ ወይም ፋንድያ ካልጣለ፣ «ነገ ይሻለዋል» ሳትዪ ይዘሽው ሂጂ። ቤት ውስጥ ያለ የሰው መድኃኒት እንዳትሰጪው። በተለይ አሞክሳሲሊን በአፍ መስጠት ጥንቸል ይገድላል። ይህችን የመጨረሻዋን ለባልሽም ለእማማም ንገሪያቸው።